ነጩን የነካ ኳስ

ወደ ሜዳ ቴኒስ የገባሁት በእግሬ ምክንያት ነው። ቡራዩ የሚገኘው ኮሌጃችን ለሴት ተጫዋቾች ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ አንዱ ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ ሌላው አርባ። ሠላሳ ስምንት የምታደርግ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ተገኘች። አርባ የምታደርግ ግን ጠፋች። ሁላችንም ኮች የምንለው የስፖርት መምህራችን ክፍል ለክፍል እየዞረ ሲጠይቅ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን እኛ ላብራቶሪ ደረሰ። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሻለሁ። ከጠረጴዛው ሥር እግሬን አየና፣

«አንቺ፣ ስንት ቁጥር ነሽ?» አለኝ።

«አርባ።»

«ጋሪዳ» አለ።

ጋሪዳ በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለት ነው። ኮች ይህን ቃል ለሁሉም ነገር ይጠቀምበት ነበር። ሰው ሲያሸንፍ ጋሪዳ፣ ሰው ሲሸነፍ ጋሪዳ፣ ራኬት ሲሰበር ጋሪዳ። ድምፁም ፊቱም አይለወጥም። ስለዚህ በዚያ ቀን ደስ ይበለው አይበለው እስከዛሬ አላውቅም።

ቴኒስ ተጫውቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። እሱም ተጫውቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የእጅ ኳስ ሰው ነበር። በዙሪያው ያሉ ኮሌጆች የሚወዳደሩበት ውድድር ግን ሁለት ሴት ያላስመዘገበ ኮሌጅ ወንዶቹንም ማሰለፍ አይችልም ይላል። ወንዶቹ አራት ናቸው፣ ይለማመዳሉ፣ ተስፋ አላቸው። እኔ ከማይክሮስኮፑ ተነስቼ የሄድኩት የእነሱ ተስፋ እንዳይቀር ነው።

ሜዳው ከኮሌጁ ጀርባ ያለ ሲሚንቶ ነው። በአንዱ ሲሚንቶ ላይ ሦስት ስፖርት ይኖራል። ቢጫው መስመር የመረብ ኳስ ነው፣ ቀዩ የቅርጫት ኳስ፣ ነጩ የእኛ። ነጩን በኖራ የቀባው ኮች ራሱ ስለሆነ በግራ በኩል ያለው ማዕዘን ትንሽ ወደ ውጭ ይሸሻል። ኮች ማታ ማታ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ ጠዋት ያየውን ያሳየናል። አንዳንዴ ኢንተርኔት ስለሚቋረጥበት ግማሹን ብቻ ያሳየናል። ለምሳሌ ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት፣ ሰርቭን፣ ስማር ኳሱን ወደ ላይ መወርወር በአንድ ሳምንት፣ መምታቱን በሚቀጥለው ሳምንት ነው የተማርኩት።

የምኖረው ሰበታ ነው፤ ከአባቴና ከእናቴ ጋር። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ተነስቼ ሁለት ታክሲ ቀይሬ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ እደርሳለሁ። ራኬቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ነበር የምይዘው። ረዳቶቹ ክራር ይመስላቸዋል። አንዱ «ዝፈኝልን እንጂ» ሲለኝ ቴኒስ ነው አልኩት፤ አላመነኝም።

አባቴ ከወላይታ ወደ ሰበታ የመጣው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የሚሠራው ውሃ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጠርሙሶቹ በመብራት ፊት ለፊት በሰልፍ ያልፋሉ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ ጉድፍ ያለበትን፣ ክዳኑ የተጣመመውን፣ ውሃው የጎደለውን ከሰልፉ ያወጣል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ቤት ሲመጣ ብዙ አያወራም። በጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው፤ እዚያም ብዙ አያወራም፣ ለዚህም ይመስለኛል ሽማግሌ ያደረጉት።

ቴኒስ ጀመርኩ ስለው «ምንድን ነው?» አለኝ። ኳስ በመረብ ላይ አሳልፎ መምታት ነው አልኩት።

«መልሰው ይመቱታል?»

«አዎ።»

«እና መቼ ያልቃል?»

ይህን ጥያቄ በደንብ ለመመለስ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ምን ለብሰሽ? ካሳየኋት በኋላ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ሰፋችልኝና ከሱሪዬ ላይ ደርቤ ተጫወትኩ። ነፋስ ሲኖር ጉርዱ ከኳሱ ይቀድመኛል።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ተጫውቼ አራት ጊዜ ተሸነፍኩ። የመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ አባቴ ከፈረቃ ወጥቶ እግሩን እየታጠበ ነበር።

«ስንት ለስንት?» አለኝ።

«ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለዜሮ።»

«ዜሮው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም የእኔ።»

እግሩን አደራርቆ ጨረሰና፣ «ደክሞሻል፣ ብይ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይጠይቀኝ ጀመር። ነጥብ አቆጣጠሩን ላስረዳው ሞከርኩ። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ስለው አስቆመኝ።

«አርባ አምስት ነዋ» አለ።

«አርባ ነው።»

«አምስቱ የት ሄደ?»

ኮችን ጠየቅኩት። ኮችም ጋሪዳ አለኝ። አባቴ ስለ አምስቱ ለረጅም ጊዜ አሰበ መሰለኝ፤ አንድ እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ድንገት «ለድካም ቀንሰውለት ይሆናል» አለ። ስለ ምን እንደሚያወራ እስኪገባኝ ድረስ ቤታችን በር ላይ ደርሰን ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ኳሱ መመለስ ጀመረ። ምን እንደተለወጠ አላውቅም። ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ብቻዬን ስመታ ብዙ ቆይቼ ነበር፣ ግድግዳው የሚሳሳት ነገር አይደለም፣ ምናልባት ከእሱ ተምሬ ይሆናል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ባደረግኩት ጨዋታ በሴት ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ቤት መጥቼ ለአባቴ፣

«ዛሬ አንድ ሴት አሸንፌያለሁ» አልኩት።

«የማንን ልጅ?» አለኝ።

ሴት ማለት በቴኒስ ስድስት ጌም የሚደርስ የጨዋታ ክፍል መሆኑን አስረዳሁት። እናቴ ከጓዳ ሆና ለብቻዋ ስትስቅ ሰማኋት። አባቴ አልሳቀም። «እንግዲያው እመጣለሁ» አለ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ሊያይ እንደሚመጣ ነው የሚለው። ከሥራ ፈቃድ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት የማስታውሰው አንድ ጊዜ፣ ለአያቴ ለቅሶ ነው።

የመጣው ከሱሉልታ ኮሌጅ ተጫዋች ጋር የገጠምኩ ቀን ነው፤ እኛው ሜዳ፣ ቡራዩ። ልጅቷ ግራኝ ናት፣ ረጅም፣ ፊቷን ፀሐይ ያቃጠላት፣ ስትጫወት አፏን የምትዘጋ። ኮች አባቴን ሲያይ የፕላስቲክ ወንበር አመጣለት። «ባጋ ናጋያን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጡ» አለው። አባቴ «ናጋያ» ብሎ መለሰና ወንበሩን አንስቶ በግራ በኩል፣ ማዕዘኑ ጋ አስቀምጦ ተቀመጠ። ለምን እዚያ እንደመረጠ ጠይቄው አላውቅም። ፀሐዩ ከፊት ለፊቱ እንዲሆን ይመስለኛል፤ ፋብሪካም መብራቱን በሚያይበት በኩል መቀመጥ ለምዷል።

በኮሌጅ ውድድር ዳኛ የለም። አንድ ተቆጣጣሪ አለ፣ እሱም ሁሉንም ሜዳ እየዞረ ውሃ ጠጡ ይላል። ኳሱ በእኔ በኩል ሲወድቅ ውስጥ ነው ውጭ ነው የምለው እኔ ነኝ። በእሷ በኩል ሲወድቅ የምትለው እሷ ናት። ውጭ ከሆነ አውት ተብሎ ጣት ወደ ላይ ይነሳል፣ ያበቃል። ተከራክሮ የሚገኝ ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ሴት ስድስት ለአራት አሸነፍኩ። ሁለተኛውን ስድስት ለሦስት አሸነፈችኝ። ሦስተኛው ላይ አምስት ለአራት እየመራሁ፣ ሰርቩ የእኔ ሆኖ፣ አርባ ለሠላሳ ደረስን። አንድ ነጥብ ባገኝ ያልቃል። ኮሌጃችን በሴቶች ቴኒስ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም ነበር። ወንዶቹ አራቱም የራሳቸውን ጨርሰው አጥሩን ይዘው ቆመዋል።

ሰርቭ አደረግኩ። መለሰችው። ሰባት ስምንት ጊዜ ተመላለስን፤ ከዚያ በግራ እጇ አባቴ ወደተቀመጠበት ማዕዘን አሻግራ መታችው። ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ኳሱ ነጩ መስመር ላይ፣ ከመስመሩ ግማሹን ይዞ ወደቀ። አየሁት። ኖራው ብን ሲል አየሁት። ጣቴ ተነሳ።

«አውት» አልኩ።

ልጅቷ መስመሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ወደ መረቡ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። እጇ ደረቅ ነበር፣ የእኔ ላብ በላብ ሆኗል። ወንዶቹ ጮኹ። ኮች «ጋሪዳ» አለ። አባቴ ወንበሩን አንስቶ ለኮች መለሰለት፣ አመሰገነው።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባቴ መንገድ ላይ የሚያወራ ሰው ስላልሆነ ምንም የተለየ ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከአየር ጤና የሰበታውን ከያዝን በኋላ፣ ዓለም ገና አካባቢ፣

«ነጩ መስመር የውስጥ ነው የውጭ?» አለኝ።

«የውስጥ ነው።»

«ግማሹን ብቻ ቢነካስ?»

«ትንሽም ቢሆን ከነካ ውስጥ ነው።»

«እሺ» አለ።

መስኮቱን ያይ ጀመር። ሜዳው ላይ ሦስት ዓይነት መስመር ስላለ ዓይን ያሳስታል ልለው አሰብኩ፤ ቢጫው ከነጩ ጎን ያልፋል፣ ሰው ይሳሳታል። አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ግን ይህ ሰው በቀን የሚያየው ጠርሙስ ስንት እንደሆነ ሳስብ ተውኩት።

ቤት ስንገባ እናቴ «አሸነፈች?» አለችው።

«አሸነፈች ተብሏል» አላት።

በሚቀጥለው ሰኞ ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፎቶዬ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ስለ ድሉ ሦስት መስመር ተጽፏል፤ ጉርዴ ነፋስ ገብቶበት እንደ ጃንጥላ ተከፍቷል። ወደ ኮች ቢሮ ሄድኩ።

«ኮች፣ የመጨረሻው ኳስ ውስጥ ነበር።»

ከወረቀቱ ቀና አለ። «ማን አለ?»

«እኔ አይቼዋለሁ። አባቴም አይቶታል።»

«አባትሽ ዳኛ ናቸው?»

«አይደለም።»

«ውጤቱ ማህተም ተመትቶ ሄዷል» አለ። እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ደብዳቤ ልጻፍ ብል ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ተጫዋቻችን ዋሽታለች ብዬ?»

ጋሪዳ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ አላለም። ጋሪዳ ሳይል የለቀቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ «ድል» ወደሚቀጥለው ዙር ስላሳለፈኝ በሳምንቱ ሌላ ኮሌጅ ሄጄ ተጫወትኩ። እዚያ የተለየ ነገር ሆንኩ። ውጭ የወደቀውን ሁሉ ውስጥ ማለት ጀመርኩ። ከመስመሩ አንድ ክንድ ርቆ የወደቀውን እንኳ ጥሩ ነው እላለሁ። ተጋጣሚዬ መጀመሪያ ደስ አላት፣ በኋላ ግራ ገባት፣ ሁለተኛው ሴት መሃል ላይ ወደ መረቡ መጥታ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለዜሮ ተሸነፍኩ። አባቴ ሥራ ነበረበት። ሲጠይቀኝ ውጤቱን ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደ ጨዋታ አልመጣም። ሁልጊዜ ፈረቃ አለብኝ ይለኛል፤ እውነትም ፈረቃ ነበረበት።

በቅዳሜው ሱሉልታ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሬ፣ ዳገቱን ወጥተን ስንወርድ ብርዱ ሹራቤን አልፎ ገባ። ልጅቷን የት እንደማገኛት አላውቅም ነበር፤ ኮሌጃቸው በር ላይ ጥበቃውን «ግራኟን የቴኒስ ልጅ» ስለው ወዲያው በአገጩ ወደ ጀርባ አመለከተኝ። ብቻዋን ባልዲ ሙሉ ኳስ ይዛ ሰርቭ እየመታች ነው። እየመታች ሁሉንም ወደ ማዶ ታሳልፋለች፣ ከዚያ ተሻግራ ትለቅማለች፣ ከዚያ ወዲህ ትመታለች።

አጠገቧ ስደርስ አቆመች። ሰላምታ ሳልሰጣት ተናገርኩ።

«ቡራዩ ላይ የመጨረሻው ኳስሽ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገርሽም።» ኳሱን በራኬቷ መሬት ላይ አነጠረችው። «እኔም እዚህ መጥቼ ውሸታም ናት ብዬ ለሁሉም ነገርኩ።»

«ልክ ነሽ።»

«ለአሰልጣኛችን ነግሬያለሁ። ለክፍል ልጆች ነግሬያለሁ። ለእናቴ ሳይቀር። አሁን አንቺ እስከዚህ ድረስ መጥተሽ እንዲህ ስትዪ እኔ ምን ልበል? ዞሬ ለሁሉም እንደገና ልንገር?»

በእርግጥ ችግር ላይ እንደጣልኳት ገባኝ። ይቅርታ አልኳት። ከረጢቱን አየችው።

«ራኬት ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።» ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ከቤት ስወጣ እጄ የለመደውን ይዞ ይወጣል።

«ውስጥ ከሆነ አርባ እኩል ነው» አለች። «ሰርቩ የአንቺ ነው። ሦስተኛ ሴት፣ አምስት ለአራት ትመሪያለሽ።»

ሹራቤን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ገባሁ። የሱሉልታ አየር ቀጭን ነው፣ ኳሱ ከምታስበው በላይ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ነጥብ አገኘሁ፤ እንደገና አንድ ነጥብ ቀረኝ ማለት ነው። የሚቀጥለውን ሰርቭ ሁለት ጊዜ ውጭ ጣልኩት። ከዚያ ያንን ጌም ወሰደችው። አምስት እኩል። ከዚያ የራሷን። ከዚያ የእኔን። በጨዋታው ውስጥ አንድ ኳስ በእኔ በኩል መስመሩ አጠገብ ወደቀ፣ በእርግጥም ውጭ ነበር፣ አውት አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሰባት ለአምስት አሸነፈችኝ። እጄን ጨበጠችኝ፤ ልክ ቡራዩ እንደጨበጠችኝ፣ ያነሰም የበዛም ነገር የለውም። ከዚያ ኳሶቹን አብረን ለቅመን መንገድ ዳር ሻይ በፓስቲ በላን። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ላም እንዳላቸው፣ ጠዋት ላሞቹን አልባ ወደ ትምህርት ቤት እንደምትመጣ፣ ግራ እጇ የጠነከረው ከዚያ እንደሆነ አሰልጣኟ እንደሚናገር፣ እሷ ግን በሁለት እጅ ስለምታልብ ነገሩ እንደማይገባት ነገረችኝ። ለእናቷ ሰላምታ እንድታደርስልኝ ጠይቄ ተሰነባበትን።

ወረቀቱ ላይ አሸናፊዋ እኔ እንደሆንኩ ቀረ። ፎቶዬም የፈተና ፕሮግራም እስኪለጠፍበት ድረስ ሰሌዳው ላይ ከረመ። ሱሉልታ ሄጄ መሸነፌን ለአባቴ ነገርኩት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ። «ሻዩን ማን ከፈለ?» ብቻ አለኝ። እሷ ናት አልኩት። «ማድረግ አልነበረብሽም» አለ፤ እንድትከፍል ማድረግ ማለቱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ የመመረቂያዬ ዓመት ላይ፣ ከሆለታ ከመጣች ልጅ ጋር ገጠምኩ። ስድስት ለአራት፣ ሰባት ለአምስት አሸነፍኩ። የመጨረሻውን ኳስ እሷው መረብ ላይ ሰካችው፤ ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። አጥሩ ጋ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ወንዶቹ ልምምድ ላይ ነበሩ፣ ኮች ከተቆጣጣሪው ጋር ስለ ውሃ ይጨቃጨቅ ነበር። ለአባቴ ደወልኩ። ከጀርባው ማሽኑ ይጮሃል።

«አሸነፍኩ» አልኩት።

«ማን?»

«እኔ።»

«አይሰማም፣ ቤት እንነጋገር» ብሎ ዘጋው።

ቤት ስደርስ ወደ ጸሎት ፕሮግራም ሄዶ ነበር። የተነጋገርነው በማግስቱ ቁርስ ላይ ነው። እያንዳንዱን ጌም እንድነግረው ፈለገ። ነገርኩት። ስለ መጨረሻው ኳስ ስነግረው «መረቡ ላይ ቀረ?» አለኝ። ቀረ አልኩት። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። አንተ ሥራ አለብህ።»

«ፈረቃ እቀይራለሁ» አለ።

ሐሙስ መጣ። ወንበር አምጥተውለት በመሃሉ፣ በመረቡ ትይዩ ተቀመጠ። ስድስት ለሁለት፣ ስድስት ለሦስት ተሸነፍኩ። ስንመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ አስኮ ላይ ታክሲ ስለጠፋ ከአንድ ሱቅ ሥር ተጠልለን ቆምን፣ አባቴም ከዚያች ልጅ ሰርቭ ጋር ምን ማድረግ እንደነበረብኝ እስከ ታክሲው መምጫ ድረስ አስረዳኝ።